ፍሙ የወደቀበት ቦታ

ወንዳፍራሽ በራሱ ጌም ቤት ጓሮ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል፤ የተመታበት ብሎኬት እዚያው እግሩ ሥር ወድቋል።

ድንቅቱ ወሬው ሲደርሳት ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወጣች። የቡራዩ መንገድ በድንጋይ ታጥሯል። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው ማሳ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ጣጣ ከመጣ ወዲህ ሱቅ ከሚከፈትበት ቀን የሚዘጋበት ይበዛል፤ የዚያን ዕለትም ከተማው በአድማ ጭር ብሎ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ስትደርስ አንድ ልጇ ዮፍታሔ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ደም ነው።

«መጣችላችሁ የገዳይ እናት!» አለ ከደጅ ከተሰበሰቡት አንዱ።

«ምላስህ ይቆረጥ!» አለችውና ልጇ ላይ ተጠመጠመች። «ምን አደረግህ? ንገረኝ፣ ምን አደረግህ?»

«ላነሣው ነው የነካሁት እማዬ። ነፍሱ ያልወጣች መስሎኝ።»

ኢንስፔክተር ገለቴ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር። አጭር፣ ቁጥብ ሴት ናት። ፖሊስ የሚወደድበት ሰሞን አልነበረምና ስትመጣ መንገድ የለቀቀላት ሰው ሁሉ ከኋላዋ እንትፍ ብሏል። እሷ ግን እንዳልሰማች ሆና የሟቹን መዳፍ ገልብጣ አየች፤ ቀጥላ ጄኔሬተሩን ዳሰሰች።

«ቀዝቃዛ ነው። መብራት ሲጠፋ ሊያስነሣው እንኳ አልሞከረም» አለች። «ያን ጊዜ ሞቶ ነበር ማለት ነው። ውስጥ ማን ማን ነበራችሁ?»

ሦስት ነበሩ። አንዱ ዮፍታሔ ነው። ሌላው ቢንያም፣ የሟቹ ሚስት የሩሃማ ወንድም። ሦስተኛው መገርሳ፣ ታላቅ ወንድሙ ዲሪርሳ ባለፈው ሳምንት በተቃውሞው ሰበብ ከቤቱ በፖሊስ ተይዞ የተወሰደበት የአገሬው ገበሬ ልጅ። የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ዘግተው «የአመድ አገር» የሚባለውን ጌም ሲጫወቱ አርፍደዋል፤ ወንዳፍራሽ ጓሮ ነበር። በፊት ለፊቱ በርና በስክሪኑ መካከል መጋረጃ አለ፤ ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር ደግሞ ከተጫዋቹ ጀርባ ነው፤ ጓሮው ሌላ መግቢያ የለውም።

«ተኩስ ሲሰማ ሁለቱ ሊያዩ ከመጋረጃው ወዲያ ሄዱ» አለ ቢንያም። «ጆይስቲኩ እኔ ጋ ነበር፤ የጌሙን ደጅ ጠባቂ ገጥሜያለሁ። ከእሱ ጋር ዐይንህን ከነቀልክ አለቀልህ! ሰው ከጀርባዬ ሲያልፍ ተሰማኝ እንጂ ዞሬ አላየሁም። ከፊት በር በኩል ነው የመጣው።»

«ማን ይመስልሃል?»

«መገርሳ ወደ መንገድ ወጥቷል። ከመጋረጃው ኋላ የቀረው አንድ ሰው ነው» ብሎ አገጩን ወደ ዮፍታሔ ቀሰረ። «ጠዋት ከወንዳፍራሽ ጋር ተሰዳድበዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

 ለዚያ ስድድብ መነሻዋ ድንቅቱ ራሷ ናት። በአድማ ቀን ልጄን አታስገባብኝ ብላ ወንዳፍራሽን ለምናው ነበር፤ እሱ ሲከለክለው ልጁ ተሳድቦ ገባ። ልመናዋ አሁን የልጇ አንገት ላይ ገመድ ሆኖ መጣ።

«ለምን መገርሳን አይጠይቁትም?» ብላ ጮኸች። «ይህ ቤት የተሠራው በአባቱ የገብስ ማሳ ላይ ነው! ‹አንድ ቀን ትለቁልናላችሁ› ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

መገርሳ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «ልጅዎን ለማትረፍ እኔን ሊያርዱኝ ነው፣ እማማ?»

 ድንቅቱ ያለችውን ቃል አላጠፈችም።

ገለቴ መገርሳን በኦሮምኛ ጠየቀችው። እሱ ግን በአማርኛ መለሰ። «ከፖሊስ ጋር በቋንቋዬ አልዶልትም፤ ሁሉም ይስማኝ። ማን እንደተመታ ለማየት ወደ መንገድ ወጣሁ፤ አይቼ ተመለስኩ። በቃ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ሞልቷል። ግን ለእናንተ የሚመሰክር አንድም የለም።»

ኢንስፔክተሯ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ዮፍታሔ ዞረች። «ለመሆኑ ይሄ ጌም ምኑ ነው እንዲህ የሚወደደው?»

«ምኑ ይወደዳል!» አለች ድንቅቱ ቀድማ። «አንድ ቀን ገብቼ አይቻለሁ። ሥራቸው መሞት ነው! ይሞታል፣ ይነሣል፣ መልሶ ይሞታል! እናት ይህን ታያለች?»

ዮፍታሔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ከባድ ነው እማዬ፤ ግን አያጭበረብርም። ደጅ ጠባቂው ከመምታቱ በፊት ሁልጊዜ ግራ ትከሻውን ይሰብቃል። ከገደለኝ ስላላየሁት ነው፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። በሚቀጥለው አይቼ አመልጠዋለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ውጭ ሰው ሲሞት እኮ ለምን እንደሞተ የሚነግርሽ የለም።»

ድንቅቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ልጇን ልትጎትት እንጂ ልትጠይቅ ወደዚህ በር መጥታ አታውቅም።

«ስትሞትስ ምን ይሆናል?» አለች ገለቴ።

«የቤቱ ደንብ፣ የሞተ ‹ሞትኩ!› ብሎ ይጮኻል፤ ጆይስቲኩን ለተረኛ ያስረክባል። የጌሙ ደንብ ደግሞ የሰበሰብከው ፍም፣ ነጥብህ ማለት ነው፣ ሁሉ በወደቅክበት ቦታ ይቀራል። ሄደህ ታነሣዋለህ። ሳትደርስበት ዳግመኛ ከሞትክ ግን ለዘለዓለም ይጠፋል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ምንም አይሆንም፤ ራሱ እየመዘገበ ነው የሚሄደው።»

«እንደ ኳሱ ጌም ለአፍታ አቁሞ መነሣትስ አይቻልም?»

«አይቆምም። ትተኸው ከተነሣህ ይገድልሃል።»

«ከመጋረጃው ኋላ ሆነህ የቢንያምን ጨዋታ ትሰማ ነበር?»

«ከበሮውን ሰምቻለሁ። ወደ ደጅ ጠባቂው አዳራሽ ስንገባ ከበሮ ይመታል። ተጀመረ፤ ወዲያው ዝም አለ። ‹ሞትኩ› ሲል ግን አልሰማሁም። ቆይቼ ስመለስ ‹ገደለኝ፤ ተራህ ነው› አለኝ። ጆይስቲኩን ከመቀበሌ መብራት ሄደ። ጄኔሬተር እንዲያስነሣ ወንዳፍራሽን ብንጠራ፣ ብንጠራ…»



ከሰዓት መብራት ሲመለስ ገለቴ ሁሉንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። ሩሃማ ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። መገርሳ ከሁሉም ርቆ ቆሟል። ድንቅቱ የልጇን ክንድ ጨብጣ፣ ሊወስዱት የመጡ የመሰሏትን በር ላይ የቆሙ ፖሊሶች ታያለች።

«ቢንያም፣ ደጅ ጠባቂው የገደለህ የት ላይ ነው?»

«አዳራሹ ጥግ፣ ዙፋኑ ሥር። እንዲህ ቀርቶኝ ነበር!» ብሎ የትንሽ ጣቱን ጫፍ አሳየ። «አንድ ምት! ትከሻውን ሳይሰብቅ መታኝ። ሌባ ጌም!»

«እሱስ አይሰርቅም» አለ ዮፍታሔ።

«የሞትከው አንዴ ብቻ ነው?» አለች ገለቴ።

«አንዴ።»

«እንግዲያማ ፍምህ ዙፋኑ ሥር እየጠበቀህ ነው። ሄደህ አንሣልን።» ጆይስቲኩን ሰጠችው።

ስክሪኑ ላይ ጋሻ የያዘ ሰውዬ እሳት ዳር ቆሟል። ቢንያም አስኬደው። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ግን ሰውዬው መንገዱን ለቆ ወደ ገደሉ አፋፍ ታጠፈ።

«ወዴት ነው እሱ?» አለ መገርሳ። ወዲያው ገባው። «ዲሲ!» አለ በኦሮምኛው። «ተው! ገደል ሊከተው ነው!» ዘሎ ጆይስቲኩን ከእጁ መነተፈው።



«አያችሁ» አለች ገለቴ። «ይህን ድልድይ ዐይኑን ጨፍኖ የሚሻገር ልጅ ገደል ሊገባ ነበር። ዳግመኛ ቢሞት ፍሙ ይጠፋለታል፤ እኛም የት እንደወደቀ አናይም። ቀጥል መገርሳ።»

መገርሳ ሰውዬውን አሻግሮ አዳራሹ ውስጥ አስገባው። ከበሮው ደለቀ። ዙፋኑ ሥር ምንም የለም። ፍሙ የሚያበራው እዚሁ ደጃፉ ላይ፣ ከመግቢያው ሳይርቅ ነው።

«አልተዋጋም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከበሮው ለእነዮፍታሔ እንዲሰማ ሰውዬውን አስገባው፤ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ሄደ። ሰውዬው በቆመበት ተገደለ። ‹ሞትኩ› ብሎ የሚጮኸው ቢንያም ወንበሩ ላይ አልነበረም። ሰው ከጀርባዬ አለፈ ያለውም ውሸት ነው፤ ዮፍታሔ በዚህ አልፎ ቢሆን ኖሮ ባዶ ወንበር ያገኝ ነበር። ‹ዐይኔን ስላልነቀልኩ ያለፈውን ሰው አላየሁም› ያለን ሰው፣ ዐይኑ ጓሮ ነበር።» ወደ ቢንያም ጠጋ አለች። «‹ሞትኩ› ብለህ ብቻ ብትተወው ምንም አልይዝብህም ነበር። ግን የዚህ ቤት ልጆች ‹ትንሽ ቀረኝ› ሳትሉ አትሞቱም።»

«ለምን?» አለ መገርሳ። «ምን አደረገህ?»

የመለሰችው ሩሃማ ናት። «ጠዋት ነግሮኝ ነበር። ‹ዲሪርሳን ማን እንደጠቆመ አውቄያለሁ፤ ዛሬ ለመገርሳ እነግረዋለሁ› አለኝ። ስሙን ጥራልኝ ብለው እምቢ አለ።» ወንድሟን አየችው። «እንዳላፍር ነው፣ አይደል? ያንተን ስም ለእኔ መጥራት ከብዶት ነው!»

«ዝም በል ብዬ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ!» ብሎ ጮኸ ቢንያም። «ለእነመገርሳ ቢነግራቸው በቁሜ ያቃጥሉኝ ነበር!»

ፖሊሶቹ ካቴና አስገብተውለት ወሰዱት። መገርሳ ከገለቴ ፊት ቆመ።

«ጠቋሚውን ወሰዳችሁ። የተጠቆመውስ?»

ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን ሰበረች። «እሱ በእኔ እጅ አይደለም» ብላ ወጣች።

ድንቅቱ ልጇን ይዛ መሄድ ትችል ነበር። እግሯ ግን እምቢ አላት።

«መገርሳ፣ ልጄ… ቅድም ያልኩት…»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «ቃልዎን ይዘው እኔን ቢወስዱኝ ኖሮ፣ ዛሬ እንቅልፍ ይወስድዎት ነበር?»

ልትዋሸው ፈለገች። የዮፍታሔ ክንድ በእጇ ውስጥ ሞቃት ነው።

«አዎ» አለች። «ይወስደኝ ነበር።»

መገርሳ አተኩሮ አያት፤ ከዚያ የቆርቆሮውን በር ከፈተላቸው። እጇን ዘረጋችለት። አልጨበጣትም።