የአባ አረፋ ሦስተኛ ብርጭቆ

አባ አረፋ ቅዳሜ ረፋድ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ በቢራ ፋብሪካው የቅምሻ ክፍል ውስጥ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ሞተው ተገኙ። ፊታቸው አራት ብርጭቆ ተደርድሯል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው፤ እስክሪብቶው ገና ከጣታቸው አልወደቀም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢራ ሲቀምሱና ቀማሽ ሲያሠለጥኑ የኖሩ፣ ልባቸውም ከታመመ የሰነበተ ሰው ስለነበሩ፣ ያየ ሁሉ «ልባቸው ነው» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ሐኪሙ ነገረኛ ባይሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ሐኪሙ ግን ደማቸውን መርምሮ እሑድ ዕለት ብቅ አለ። ሰውየው በየቀኑ የሚወስዱት የልብ ክኒን በደማቸው ውስጥ ከልኩ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል፤ ርዝራዡም በሦስተኛው ብርጭቆ ግርጌ አለ።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ተላከች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሜቴ ጥርጥር» ይሏታል። ስሙ ከጆሮዋ ከደረሰ ቆይቷል፤ አልከፋትም፤ እንዲያውም ካልጠረጠርኩ ደሞዜን በምን አፌ እቀበላለሁ ትላለች። ቢራ በከንፈሯ ዞሮ አያውቅም። ይህንን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሲሰማ ፈገግ አለና፣ ነገሩ ያለቀ ስለሆነ ብዙም እንደማትደክም ነገራት። ገዳይዋ ከፋብሪካው ፊት ለፊት ባለው ቢራ ቤት የምትሠራው አስተናጋጅ ናት፤ ቢራውን የቀዳችው እሷ፣ ብርጭቆውን ያጠበችው እሷ፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የጣቢያው አዛዥም በዚሁ ተስማምቶ ለኢንስፔክተሯ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ሰጣት። ከዚያ በኋላ አስተናጋጇ ወደ ማረፊያ ቤት ትወርዳለች።

አስተናጋጇ የምትወርድበት ቀን ደግሞ ቀን አይደለም። ማግስቱ ማክሰኞ የቀማሽነት የምስክር ወረቀት ፈተና ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ትሪ ተሸክማ ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት፣ ሰማንያውን የቢራ ዓይነት ከመማሪያ መጽሐፉ በትንንሽ ካርድ ገልብጣ በሽርጧ ኪስ ይዛ እየዞረች፣ ደንበኛ እስኪጣራ ድረስ ቆማ ያጠናችው ለዚህ ቀን ነው። ፈተናው የሚመጣው በሦስት ዓመት አንዴ ነው። ያመለጠው ሰው ትሪውን መልሶ ያነሳል። ለመቅረብም የመምህሩ ፊርማ ያስፈልጋል፤ አባ አረፋ ደግሞ የማንንም ወረቀት ሳይፈርሙ ነው ያረፉት።

ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ እሷን አስቀመጠች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ሦስተኛው ብርጭቆ ውስጥ የጨመርሽው ነገር አለ?» ስትል ጠየቀቻት።

«አለ እትዬ። በገዛ እጄ ነው የጨመርኩት» አለች።

እሜቴ ጥርጥር ስንት የሚክድ ሰው ስታይ ኖራ፣ ሳያስጨንቋት የምታምን ስታገኝ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሴትዮዋ ሁሉንም ከሥሩ አስረዳቻት። አባ አረፋ ዘንድ የሚማሩት ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ የፋብሪካው ላቦራንትና የሥራ አስኪያጁ አማች። በየቅዳሜው ተራ የደረሰው ተማሪ አራት ቢራ ይቀዳል፤ አንዱን ግን ሆን ብሎ በጠብታ ያበላሸዋል። አንዳንዱ ጠብታ ቅቤ ቅቤ ያሸታል፣ አንዳንዱ እርጥብ ካርቶን። መምህሩ የሚቀምሱት ብቻቸውን ነው። የተማሪ ፊት ስለሚያሳብቅ ሁሉም ወጥቶ ይጠብቃል። እሳቸው የተበላሸውን ለይተው፣ የጥፋቱን ስም ጽፈው፣ አምስት ሰዓት ሲሆን በር ይከፍታሉ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ጠብታውን ላቦራንቱ ዓርብ ዕለት በትንሽ ብልቃጥ አዘጋጅቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቆልፍበታል። እሷም ቅዳሜ ጠዋት ብልቃጡን ተቀብላ ሦስተኛው፣ መራራው ቢራ ውስጥ ገለበጠችው።

«ቀምሰው አይተፉትም?»

«ወይን ነው የሚተፋው እትዬ። ቢራ፣ ሆፕስ ከሚባለው አበባ የሚያገኘው ምሬቱ የሚታወቀው ጉሮሮ ላይ ነው፤ መዋጥ አለበት። የተበላሸውን ደግሞ ስሙን እስኪያገኙ ድረስ ደጋግመው ነው የሚጠጡት።»

ኢንስፔክተሯ ከጠዋት ጀምሮ ሲያብሰለስላት የነበረ ነገር እዚህ ላይ ተፈታላት። የሠላሳ ዓመት ምላስ ያለው ሰው ያን የሚያህል ክኒን እንዴት ሳይታወቀው ጠጣ? ታውቆታል እንጂ። ግን የቅዳሜ ትምህርት ነው ብሎ ጠጣው። ይህንን የዘየደ ሰው የቤቱን ሥርዓት አሳምሮ ያውቃል።

የቅምሻ ወረቀቱን አወጣችና አየችው። በአባ አረፋ የእጅ ጽሑፍ አራቱም ቢራዎች ተገምግመዋል። በሦስተኛው አንጻር፣ «አረፋው ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እስከ መጨረሻው ጉንጭ ድረስ የሚቆይ፤ ምሬቱ የጠራና የሆፕስ አበባ የሚሸት፤ ጥፋት የለበትም» ይላል። ሰውየው የሞቱበትን ብርጭቆ ጥፋት የለበትም ብለዋል ማለት ነው። እሜቴ ጥርጥር ወረቀቱን አንዴ ቀጥ፣ አንዴ አግድም አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን አየችና፣ ለማንም ምንም ሳትል ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

ላቦራንቱ ቀጭን፣ ሲፈራ የሚቀልድ ዓይነት ሰው ነው። ዓርብ ዕለት ያዘጋጀው የቅቤ ጠብታ መሆኑን ማለ። ከተለወጠም ከማቀዝቀዣው ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እሱ ጋና በሥራ አስኪያጁ ቢሮ አለ። ተራው የማን እንደነበር ስትጠይቀው ግን ራሱን አከከ። ተራው የአማቹ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት፣ ቅዳሜ የጭነት መኪና እቀበላለሁ ብሎ ከአስተናጋጇ ጋር ተለዋወጠ። ስለ ቅዳሜ ጠዋት ሲያወራ እንዲያውም ሳቅ አመለጠው።

«ምስኪኗ ብርጭቆዎቹን በቅባታም ስፖንጅ አጥባቸው ኖሮ፣ ቢራው ገና ሲቀዳ አረፋው ክስም አለ። አራቱም። ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋ አይዝም። ጋሼ ገብተው ሲያዩ ‹ዛሬ ሁሉም መላጣ ሆኗል› ብለው ሳቁባት። ደግሞ ለማጠብ ጊዜ የለም ብለው ተቀመጡ፤ እኛም ወጣን።»

«እናንተ ስትሉ ማን ማን?»

«እኔና እሷ ነና። ሌላ ሰው አልነበረም።»

ከቀትር በፊት ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ባለቤታቸው ትርፍ ነገር የማይናገሩ፣ የተረጋጉ ሴት ናቸው። ክኒኑን የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው፤ ካለፈው ረቡዕ ወዲህ ሁለት ሙሉ ቅጠል ጎድሏል። ረቡዕ ዕለት ሦስቱም ተማሪዎች ፊርማ ሊለምኑ ተራ በተራ መጥተው ነበር፤ ክኒኑ ደግሞ መተላለፊያው ላይ በተሰቀለው ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ከሁለቱ ወንዶች አንዱን ባላቸው ተቆጥተው ሸኝተውታል፤ የቱን እንደሆነ አላዩም፤ ወጥ ቤት ነበሩ። የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተ መጽሐፉን እንጂ ቢራውን ቀምሰህ አታውቅም» ሲሉ።

አማቹ በመጨረሻ መጣ። ልብሱ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል፣ ሐዘኑም እንደ ልብሱ የተሰናዳ ነው። ጡረታ ሊወጡ የነበሩትን የአባ አረፋን ወንበር እንደሚወርስ አማቱ ለቦርዱ ሁሉ ተናግሮለታል፤ የቀረው ፈተናው ብቻ ነው። መምህሩ በሌሉበት ፊርማውን የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ መሆኑንም ራሱ ነገራት፤ ደንቡ ነው። ቅዳሜ ዕለት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ነበር፤ የቅምሻ ክፍሉን በር እንኳ አላየም፤ ሰው ሲጮህ ነው የደረሰው። ኢንስፔክተሯ አመስግና ሸኘችው፤ ከዚያ መጋዘን ወርዳ አውራጆቹን አንድ በአንድ አነጋገረች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ባለቤት መስኮቱ ሥር ተቀመጡ፤ አስተናጋጇ ከፖሊሱ አጠገብ፤ ሥራ አስኪያጁና አማቹ ጎን ለጎን። ላቦራንቱ የሚቀመጥበትን አጥቶ ግድግዳ ተደገፈ። እሜቴ ጥርጥር ስለ ቢራ ምንም እንደማታውቅ ነግራ ይቅርታ ጠየቀችና፣ ወደ አማቹ ዞር አለች።

«እስቲ እርስዎ ያስተምሩኝ። መራራው ቢራ አረፋው ምን ይመስላል?»

አማቹ ጉሮሮውን ጠረገ። «አረፋው ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እስከ መጨረሻው ጉንጭ ድረስ የሚቆይ» ሲል አነበነበ። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቃሉ ቃል በቃል ያው ነው። አማቹ ሳቅ አለና፣ ይህ የመጽሐፉ ቃል ነው፣ ሰማንያውን የሸመደደ ሁሉ እንደዚሁ ይላል አላት።

«ልክ ነዎት፤ የመጽሐፉ ነው» አለች። «ቅዳሜ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ አረፋ አልነበረም። ብርጭቆው ቅባት ነክቶት አረፋው ሲቀዳ ሞቷል። ይህንን ሦስት ሰዎች አይተዋል፤ ሟቹ፣ ላቦራንቱና እሷ። ስለዚህ ወረቀቱን የጻፈው ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ያላየ ሰው ነው የጻፈው። እማማ ደግሞ የቢራ መጽሐፍ አያነቡም። የቀረውን እናንተው ቁጠሩ።»

ሥራ አስኪያጁ፣ አማቹ ከገባ በኋላ አረፋ የሌለውን ቢራ ማየት አይችልም ነበር ወይ ሲል ተከራከረ። ኢንስፔክተሯ ጥያቄውን የጠበቀችው ይመስል ራሷን ነቀነቀች። ሦስተኛው ብርጭቆ ተጠጥቶ አልቋል። ሌሎቹ ደግሞ ከተቀዱ ሰዓት አልፏቸዋል፤ ሰዓት የቆየ ቢራ አረፋ ባይኖረው ማን ይገርመዋል? ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የነበረውን የማያውቅ ሰው፣ የነበረውን ሳይሆን መኖር የነበረበትን ጻፈ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው አወረደችው። ረቡዕ ከኮቱ ኪስ ክኒን ተሰረቀ። ሐሙስ ተራ ተለወጠ፤ እጅ የሚታየው የሌላ ሰው እንዲሆን። ዓርብ ከላቦራንቱ በኋላ በአማቱ ቢሮ ቁልፍ ማቀዝቀዣው ተከፈተ፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ተለወጠ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አማቹ «መጣሁ» ብሎ ከመኪናው ዘንድ ለሩብ ሰዓት ጠፋ፤ ሁለት አውራጆች መስክረዋል። በጓሮ በር ገብቶ መምህሩን ሞተው አገኛቸው። ወረቀታቸውንም አነበበ። ወረቀቱ የመድኃኒት ጣዕም እንዳለ ይናገራል፤ ሐኪም ካየው ደም መመርመሩ አይቀርም። ስለዚህ ቀደደውና ከዚያው ጥራዝ በሚቀጥለው ገጽ ላይ፣ ሬሳ አጠገብ ቆሞ፣ የሳቸውን የእጅ ጽሑፍ አስመስሎ ሌላ ጻፈ።

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ አማቹ። ድምፁ ግን ወርዷል። «እሳቸው ራሳቸው ከመጽሐፉ ጽፈውት ይሆናል።»

«አንተን የተቆጡህ ለምን እንደሆነ ረሳኸው እንዴ?» አለች፤ አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ። «ሽማግሌው ብዕር ተጭነው ነው የሚጽፉት። የቀደድከው ገጽ ሄዷል፤ ጭረቱ ግን አንተ በጻፍክበት ገጽ ላይ ታትሞ ቀርቷል። አግድም በብርሃን ሲያዩት ይነበባል። ቀትር ላይ ገልብጬዋለሁ።»

አማቹ አማቱን አየ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ቀስ አድርጎ ከአጠገቡ አራቀ። ያን ጊዜ ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ፤ አማቴ ለሰው ሁሉ ተናግሮ፣ ቦርዱ ፊት አቁሞኝ፣ ወድቄ ምን ፊት ይዤ እገባለሁ እያለ ለማንም ያልሆነ ነገር ሲያጉተመትም ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስነሳው።

ኢንስፔክተሯ የገለበጠችውን ወረቀት ለአስተናጋጇ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ካልቆመች የምታነብ አልመሰላትም፤ ቆማ አነበበችው።

«ሦስተኛ ብርጭቆ። አረፋ የለውም፤ ጥፋቱ የእጣቢው ነው። ምሬቱ የሆፕስ አይደለም፤ እንደ መድኃኒት ምላስ ላይ ይቆያል። አራት ጊዜ ጠጣሁት፤ ስሙን አላገኘሁትም። በሠላሳ ዓመት ያልቀመስኩትን ልጅቷ አቀመሰችኝ። ለፈተና ትቅረብ፤ እኔ ፈርሜላታለሁ።»

ሥሩ ፊርማቸው አለ። እሜቴ ጥርጥር ዋናው ማስረጃ ስለሆነ እንደማይሰጥ፣ ግልባጩን ግን በማኅተም አረጋግጣ ለፈታኞቹ እንደምትልክ ነገረቻት። አስተናጋጇ ግን ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችላት።

«አልፈልገውም። በእጄ ነው የሞቱት እትዬ። እኔ ነኝ የገለበጥኩት። ነገ ቀብራቸው ነው፤ ቀብር እሄዳለሁ።»

ከመስኮቱ ሥር የሟቹ ባለቤት ተነሥተው መጡ፤ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው አጠፉትና ሽርጧ ኪስ ውስጥ፣ ከካርዶቹ ጋር ከተቱላት።

«ቀብር ላይ የሚያለቅስለት ሰው ሞልቷል ልጄ» አሏት። «ፈተናው ላይ ግን ካንቺ በቀር ማንም የለው።»