ወደ ሃጂ ሚትወሊ ቤት የሄደው ፍሪጅ

እኔ ሐሜት አልወድም፤ መንደሩ ይመስክር። የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው፤ እኔ ያላየሁትን ደግሞ ጎረቤቴ ኢንሺራሕ አይታልኛለች። ይሄኛውን ሁለታችንም አይተነዋልና አምናችሁ ስሙኝ፤ በተለይ እናንተ እናት ያላችሁ ወንዶች።

የልጅ ልጄ ረሻድ ሊያገባ ነው። ሙሽሪት ነሽዋ የፖርት ሰዒድ ልጅ ናት። በእኛ ደንብ ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሙሽሪት ዕቃ ወደ ሙሽራው ቤት ይመጣል፤ ፍሪጁም ፍራሹም ድስቱም ሰው እንዲያየው መኪና ላይ ተደርድሮ፣ እየተዘፈነለት። ችግሩ መንደራችን ነው። ቤቱ ሁሉ ያው ቀይ ጡብ ነው፣ መንገዱ ስም የለውም፣ የስልኩ ካርታ ደግሞ ቦዩን ያሳይና ከዚያ ወዲያ ያለነውን ሁሉ የሩዝ ማሳ ያደርገናል።

የረሻድ እህት ሀናዲ ታዲያ እኔ ካርታ እሠራላቸዋለሁ አለች። ሥራዋ እኮ ነው፤ መንሱራ ከተማ ተምራ ለሠርጉም ለሱቁም ካርታ በሥዕል ትሠራለች። ወረቀት የለ፣ ቀለም የለ። ታብሌቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በብዕሯ መስታወቱን ዳሰስ ስታደርገው ቤት ይወጣል። በሁለት ጣቷ ስትለጥጠው ቤቱ ያድጋል። ቤት እንዲህ የሚሠራ ቢሆን አያትሽ ሃያ ዓመት ጡብ ባልተሸከመ ነበር አልኳት።

ሁለት ቀን መንደሩን ዞረች። ያገኘችውን ሁሉ፣ እንግዳ ቤት ሲጠይቅህ ምን ብለህ ነው የምትመራው እያለች ጠየቀች። የነገሯትን ሣለች። ረውሂያ መርፌ ስለምትወጋ ጣሪያዋ ላይ የመስጊዱን ሚናራ የሚያህል መርፌ። ኢንሺራሕ ላይ የሚጨስ የዳቦ ምድጃ። እኔ ላይ ዳክዬ፣ ምክንያቱም በዚህ መንደር ከእኔ ጫጩት ያልወሰደ ቤት የለም። ከየሥዕሉ ሥር የየሴትዮዋን ስም ጻፈች። የእኔንም። ስሜን ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ማንበብ ባልችልም ሀናዲ በጣቷ አሳየችኝ።

ልጄ አብዱልሻፊ፣ ማለት የረሻድና የሀናዲ አባት፣ ይህን ሲያይ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ።

የአብዱልሻፊን ነገር ልንገራችሁ። እኛ ጋ የእናትን ስም አደባባይ ላይ ማንሳት ነውር ነው። ልጅ ሆኖ የክፍሉ ልጆች ስሜን ከየት እንደሰሙት ሰሙትና እየጮሁ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይከተሉት ነበር። እያለቀሰ መጣ። እኔም እንደ ጅል፣ ዝም በል ልጄ፣ ከእንግዲህ የእናትህን ስም ለማንም አትንገር አልኩት። ይኸው ሃምሳ ዓመቱን ያዘ፣ እስከ ዛሬ አልተናገረም። የቀበሌ ጸሐፊ ሲጠይቀው እንኳ ጆሮው ላይ ነው የሚያንሾካሹክለት አሉ።

«የእናቴን ስም የፖርት ሰዒድ ሹፌር ሁሉ ያንብበው ነው የምትዪው?» አላት ሀናዲን።

«አባዬ፣ ሰው ቤቱን የሚያውቀው በእሷ ነው።»

«ቤት የሚጠራው በሰውየው ነው።»

«ሰውየው ሞቷል እኮ።»

«ቢሞትም ወንድ ነው።»

ሌሎቹም ወንዶች እየመጡ ተጨቃጨቁ። በረውሂያ ፋንታ የባሏ የጀማል ስም ገባ። ጀማል ኩዌት ከሄደ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እዚያ ሌላ አግብቷል ይላሉ፣ እኔ አላልኩም። ወንድሙ ደግሞ መርፌው ይነሳና መኪና ይሣል አለ፤ የማንም መኪና በሌለበት ደጅ። ኢንሺራሕም ቀርታ ፈርጋኒ ተባለ፤ ባሏ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ቤት ዶሚኖ ሲመታ የሚውል። የእኔ ዳክዬ ጠፍቶ የሟች ባሌ ጥምጥም ተሣለ፤ ከሥሩ «የሃጂ ሚትወሊ ቤት»። ሀናዲ ጥርሷን ነክሳ ሁሉንም አደረገችላቸው። በኋላ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ የሴቶቹ ስምና ሥዕል ታብሌቱ ውስጥ እንደ ስስ ወረቀት በተደረበ ሌላ ሽፋን ላይ ስለሆነ ጋረደችው እንጂ አልሰረዘችውም። እኔም ማለት የሚገባኝን ሳልል ዳክዬዬን ስበልት ዋልኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ቀኑ ደረሰ። ከበሮው ተዘጋጅቷል፣ አርባ ወንድ ደጁ ላይ ቆሟል፣ ሴቶቹ ለእልልታ ጉሮሯችንን ጠርገናል። መኪና የለም። ትንሽ ቆይታ ኢንሺራሕ ከጣሪያዋ ላይ ሆና፣ ፍሪጁ ወደ መቃብሩ እየሄደ ነው አለች። ፀሐይ መትቷታል ብለን ዝም አልናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹፌሮቹ የላክንላቸውን ካርታ ይዘው ጥምጥምም መኪናም ያለበት ቤት ቢያጡ፣ መንደሩ መግቢያ ላይ ልጆች አግኝተው የሃጂ ሚትወሊ ቤት የት ነው ብለው ጠየቁ። ልጆቹ በደንብ ያውቁታል። ሃጂ ሚትወሊ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በየበዓሉ ከእናቶቻቸው ጋር መቃብሩን ይጎበኛሉ፣ ስሙም ድንጋዩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ተጽፏል። ደስ ብሏቸው ከፊት ከፊት እየሮጡ ሦስቱን መኪና እዚያ አደረሷቸው።

የአብዱልሻፊ ስልክ ጮኸ። የሙሽሪት እናት ኒእማት ናት፤ ድምፅዋ ማጉያ አያስፈልገውም፣ አርባውም ሰው ሰማት።

«አብዱልሻፊ ወንድሜ፣ ልጄን የምድራት ለማን ነው? ፍሪጇ እኮ የአባትዎ ራስጌ ቆሟል።»

ይቅርታ ጠየቃት፣ ማለ፣ ተገዘተ። የእሙ አብዱልሻፊን፣ የአብዱልሻፊን እናት፣ ቤት ይጠይቁ አላት። ልጆቹ የትኛዋ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የመንደራችን ወሊ፣ ማለት ቅዱስ ሰው፣ ሲዲ አብዱልሻፊ ስለሆኑ የበኩር ልጁን በእሳቸው ያልሰየመ የለም፣ አሥራ አንድ እሙ አብዱልሻፊ አለን። ካርታው ላይ ከጀማል ቤት ቀጥሎ ያለው ነው አላት። ልጆቹ ጀማል የሚባል ሰው አይተው አያውቁም። የፈርጋኒስ ጎረቤት አላት። ፈርጋኒ ቤት የለውም፣ ቡና ቤት ነው የሚኖረው አሉ ልጆቹ።

ኒእማት ድምፅዋ ተለወጠ። የሙሽራ ዕቃ መቃብር የገባው በከንቱ አይደለም፣ ምልክት ነው አለች። ሹፌሮቹን ዙሩ፣ ወደ ፖርት ሰዒድ እንመለስ ስትላቸው ሰማን። መቃብሩ ከቦዩ ማዶ ነው፤ ተሯሩጠን እስክንደርስ አውራ ጎዳናው ላይ ናቸው። አራት ዓመት የታጨው ረሻድ ከበሮው ላይ ቁጭ አለ። ሀናዲ የሴቶቹን ስም ገልጣ ካርታውን ላከችው፤ መቃብሩ ጋ ግን ስልኩ ድምፅ እንጂ ኢንተርኔት አያስገባም፣ ሥዕሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ያኔ ከስልኩ ውስጥ የአንድ ልጅ ድምፅ መጣ። «የሴትየዋን ስም ንገሩን፣ እናደርሳችኋለን።»

አብዱልሻፊ አርባውን ወንድ ተራ በተራ አየ። ሃምሳ ዓመት የሆነው ሰው እንደዚያ የትምህርት ቤት ልጅ ወደ እኔ ተጠጋ። አሳዘነኝ። ክንዱን ያዝኩት።

«በል ጥራኝ ልጄ። ያን ጊዜ ያልኩህን እርሳው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አፉን በእጁ ጋርዶ ስልኩ ላይ አንሾካሾከ። አይሰማም አለች ኒእማት። ደግሞ አንሾካሾከ። እዚያ ማዶ አህያ አናፋ፤ ምን አሉኝ አለች፣ ሹፌሩ እኮ ሞተሩን አስነስቷል።

«ሲት አቡሃ!» ብሎ ጮኸ ልጄ። «የእናቴ ቤት ነው! የሃጂ ሚትወሊ ሳይሆን የሲት አቡሃ፣ የራሷ!»

ስሜ «የአባቷ እመቤት» ማለት ነው፤ አባቴ ሰባት ሴት ወልዶ ለመጨረሻዋ ያወጣው። ማንም አልሳቀም፤ ከኢንሺራሕ በቀር፣ እሷ በቀብርም ትስቃለች።

ስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ ግን ምንም አልገረመው። ዳክዬዎቹ ቤት ነዋ፣ ይህን ቀድማችሁ አትሉም ኖሯል አለ። ለምን አያውቀን? ልጅ የሚያድገው በሴት ጭን ላይ ነው፤ እኛ ሴቶች ደግሞ ብቻችንን ስንሆን የምንጠራራው በስማችን ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሦስቱም መኪና ደጃችን ቆሙ፣ ፍሪጁም ገባ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስም የሚሸሽገው የሰረቀ ሰው ነው። እናታችሁ ምን ሰረቀች? መርፌ የሚወጋችሁ የሷ እጅ፣ የሚያበላችሁ የሷ ምድጃ፤ ደጁ ላይ የሚጻፈው ግን ኩዌት የጠፋ ሰው ስም። እናንተም ሴቶች፣ እንደ እኔ ስማችሁን ራሳችሁ ለልጆቻችሁ ነውር አታድርጉት። የእኛ ወንዶች እንኳ ገብቷቸዋል። በማግስቱ አብዱልሻፊ ራሱ ሀናዲ ዘንድ ሄዶ ዳክዬውን መልሺው አላት፤ የጀማል ወንድም ደግሞ የእናቱም ስም እንዲገባለትና ከእኔ ስም በትንሹ እንዲተልቅለት ለመነ።

ኒእማት እስከ ሠርጉ ድረስ ሦስቱንም ቀን እኛው ጋ ሰነበተች። ሌላ መጠሪያዬን ስለማታውቅ በሰው ፊት፣ በወንድ ፊት፣ ሲት አቡሃ፣ ሲት አቡሃ እያለች ስትጠራኝ ዋለች። ጆሮዬ ደህና ነው። ግን ደግማ እንድትጠራኝ ብዬ የመጀመሪያውን አልሰማትም ነበር።