ዝም ያለው ጣሪያ

«ስሚ» አለ ተሻለ፣ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ አንስቶ።

መክሊት ኋላ ወንበር ላይ ተንጋላ ጆሮዋን ወደ ጨርቁ ጣሪያ ቀስራለች። መኪናው ከጅግጅጋ ወጥቶ በቶጎጫሌ መንገድ ሜዳውን ይዞታል፤ ነፋሱ ከጎን እየመጣ ይገፋዋል። ጠዋት እዚሁ ቦታ ላይ ጣሪያው ያፏጭ ነበር። ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ እንደ ባዶ ጣሳ ይንኳኳል። አሁን ትንፍሽ አይልም።

«ምንም የለም፣ አባዬ።»

«እኮ። የማን ልጅ ነሽ ታዲያ?»

ተሻለ ሳቀ። መክሊትም ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ጣሪያው ለምን ዝም እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ተሻለ ጅግጅጋ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ በመስፋት የታወቀ ሰው ነው። ጣሪያው ወደ ኋላ የሚታጠፍ መኪና ግን እጁ ገብቶ አያውቅም፤ ከተማው ውስጥም ያለው ይኸው አንድ ነጭ የአብዱልመሊክ መኪና ነው። አብዱልመሊክ ለሠርግ ያከራየዋል። ሙሽሮች ከተማ ውስጥ ጣሪያውን አጥፈው፣ ጥሩምባ እያስነፉ ይዞሩበታል። ከከተማ ሲወጡ አቧራው እንዳያለብሳቸው ይዘጉታል። ነገ የምትሄድበት ሙሽራ ነስራ ናት፤ የሙሽራው ቤተሰብ ቶጎጫሌ ነው የሚጠብቃት። ነስራ የኢክላስ ታላቅ እህት ናት። ኢክላስ ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከመክሊት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው።

ነገሩ የተበላሸው ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ጣሪያው ከፊት መስታወቱ አናት ጋር የሚያያዘው በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት መንጠቆዎች ነው። መሃላቸው ያለው ላስቲክ ፀሐይ በልቶት ስለነበር ተሻለ ከጭነት መኪና የውስጥ ጎማ ቆርጦ አዲስ ለጠፈ። ከዚያ አሠራሩን አሳያት፦ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አስገብቶ ጣሪያውን መዝጋት፣ ከዚያ ወረቀቱን መሳብ። በቀላሉ ከወጣ ነፋሱም በዚያው ይገባል ማለት ነው።

«በግራ በኩል አልያዘም» አላት። «መንጠቆውን ግማሽ ዙር ብቻ አጥብቂና ዝጊ። ካልያዘ ሌላ ግማሽ ዙር። እንዳትቸኩዪ፣ ይሄ ጎማ ወፍራም ነው።» ይህን ብሎ ክር ሊገዛ ወጣ።

መክሊት ቸኮለች። ኢክላስ ቤት ሴቶቹ ሂና ሊቀቡ ተሰብስበዋል፤ እሷ ደግሞ እዚህ ወረቀት ትጎትታለች። ግማሽ ዙሩን ትታ ሦስት ሙሉ ዙር አጠበቀችውና በሁለት እጇ ተንጠልጥላ ዘጋችው። ቀጭ አለ። መንጠቆው አልተሰበረም፤ ግን የተተከለበት ብረት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ። በጥፍሯ ዳበሰችው፤ ጥፍሯን ያዘው።

ያኔ መጮህ ነበረባት። እሷ ግን ሱፐር ግሉ አንጠባጠበችበትና ከተረፈው ጎማ ቁራጭ ለጥፋ ሸፈነችው። አባቷ ሲመለስ ወረቀቱን ሳበው፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ተሻለ በደስታ ጭንቅላቷን አሻሸላት።

አሁን እየተመለሱ ሳለ አንድ የጭነት መኪና ከፊት መጥቶ በአጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ። ጣሪያው ወደ ላይ ነፋ ብሎ ተመለሰ። መክሊት ዓይኗን ከመንጠቆው ላይ መንቀል አቃታት። ነገ አጃቢዎቹ ተሽቀዳድመው ይነዳሉ፤ የሠርግ መኪና ቀስ ብሎ ሲሄድ አይታ አታውቅም። መንጠቆው ቢለቅ ጣሪያው ከነብረቱ ተነቅሎ የሚወድቀው ኋላ የተቀመጡት ላይ ነው።

የተሻለ መስፊያ ሱቅ እንደደረሱ ስልኳ ጮኸ። ኢክላስ ነበረች፣ ከጀርባዋ ሴቶች ይዘፍናሉ።

«መኩ፣ ነገ የሙሽራዋ መኪና ላይ ኋላ ከእኔ ጋር ነሽ። ነስራ ራሷ ናት ያለችው። በቃ፣ ክፍሉ በሙሉ በቅናት ያርራል።»

መክሊት ዞራ ጣሪያውን አየች። «ኢኩ... ሆዴን አሞኛል። የምችል አይመስለኝም።»

«ወላሂ? ዛሬውኑ መድኃኒት ውሰጂበት እንጂ።»

«ወስጃለሁ። አልተሻለኝም።»

«እሺ፣ ካልቻልሽ ምን ይደረጋል። ባንቺ ቦታ ፋይሶን አስቀምጣታለሁ፤ ስታለቅስ ነው የዋለችው።»

ስልኩ ተዘጋ። ፋይሶ የኢክላስ ወንድም ልጅ ናት፤ ገና አራት ዓመቷ። መክሊት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ራሷ ልትቀመጥበት የፈራችው ወንበር ላይ በውሸቷ ያቺን ሕፃን አስቀመጠቻት ማለት ነው። አፈረች፤ ፍርሃቱ ግን ከሃፍረቱ ይበልጥ ነበር።

አብዱልመሊክ ከሰዓት በኋላ ከአሱር ሶላት መልስ መጣ። ጣሪያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገውና ፊቱ በራ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው ይላል አባትሽ።»

«እጇ ነው፣ እኔ ምን አደረግኩ» አለ ተሻለ።

አብዱልመሊክ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። መክሊት ሄዳ ከመኪናው ፊት ቆመች። ማርሽ ሊያስገባ የነበረው ሰውዬ ግራ ገብቶት አንገቱን አወጣ።

«አዴር፣ ሞተሩን ያጥፉት» አለች፣ አጎት ብላ በሶማሊኛ ጠርታ። ሞተሩ ድምጿን ስለዋጠው ደገመችው። «ያጥፉትና ይውረዱ። አባዬ፣ አንተም ና።»

የጎማውን ቁራጭ በጥፍሯ ላጠችው። የአባቷን ጣት ይዛ ስንጥቁ ላይ አሳረፈችው። ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ሲጮሁባት ለመስማት ተዘጋጅታ ነበር፤ አባቷ ግን ስንጥቁን በጥፍሩ ደጋግሞ ዳበሰው።

«በየቱ ልቆጣ?» አለ ተሻለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «በመስበርሽ ነው በመሸፈንሽ?»

አብዱልመሊክ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ነገ ጠዋት ነው እኮ። ይሄ ዕቃ እዚህ አይገኝም። ሰው ልኬ ማስመጣት አለብኝ።»

«ከተማ ውስጥ ጣሪያው ታጥፎ ይዙሩበት» አለ ተሻለ። «ቶጎጫሌ ግን ሙሽራዋ በዚህ አትሄድም። ዕቃው ሲመጣ እኔ እገጥመዋለሁ፤ ወጪውም በእኔ ነው።»

አብዱልመሊክ ፊቱን አጥቁሮ ለሙሽራዋ ቤት ሊደውል ስልኩን አወጣ።

«አይደውሉ» አለች መክሊት። «እኔ ሄጄ ልንገራቸው።»

ሁለቱም ተያዩ። አባቷ በአገጩ ወደ በሩ አመለከታት።

መንገዱ አጭር ነው፤ እሷ ግን ሁለት ጊዜ ቆማ ልትመለስ አስባለች። የኢክላስን የግቢ በር አንኳኳች። ኢክላስ ሂና የተቀባ እጇን እንዳይነካባት ዘርግታ በሩን በትከሻዋ ከፈተችው። ስታያት ፈገግ አለች።

«መጣሽ? ተሻለሽ እንዴ?»

«መጀመሪያውኑም አላመመኝም» አለች መክሊት። «ስለ መኪናው ነው የመጣሁት። ነስራንም ጥሪያት።»