ክላክሱ ያልጮኸበት ቀን

«ክላክሱ ለምን አልጮኸም?»

መርማሪዋ ይህን የጠየቀችው የጋራዡን ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሴትዮዋ ናፍጣ የጠጣ ጨርቋን ጨብጣ፣ መልሱን ከመሬት የምትለቅም ይመስል አቀረቀረች። ከወዲያ ጎማ ላይ አንድ ልጇ፣ ሜካኒኩ፣ በፖሊስ ተጠብቆ ተቀምጧል። ዛሬ ካልተናገረች ልጇ መሄዱ ነው።

ጌቶች፣ የጋራዡ ባለቤት፣ በጓሮው መጋዘን ውስጥ፣ አሮጌ መኪናቸው ወንበር ላይ ሞተው ከተገኙ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ሞተሩ ይሠራ ነበር። የመጋዘኑ በር ግን ተዘግቷል። የመኪናው ማርሚታ፣ የጭስ መውጫው፣ ወንፊት ስለሆነ፣ ጭሱ እንደገደላቸው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

«እስቲ እናቴ፣ የሌላውን ቀን ይንገሩኝ» አለች መርማሪዋ። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሞኝ ስታይ ከንፈሯ የሚጣመም ሴት ናት።

«ከምሳ በኋላ የመጋዘኑን በር ከፍተው፣ ኤሲ ለኩሰው መኪናቸው ውስጥ ይተኛሉ። ኤሲው ሩብ ሰዓት ሠርቶ ቀጥ ይላል። ሙቀቱ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ክላክስ ይነፋሉ። ውሃ ይዤ እሮጣለሁ። እሳቸው ልጄን ይሰድባሉ።»

«ምን እያሉ?»

«ደደብ። ደስ ያላቸው ቀን ነው እሱ።»

«ዛሬስ?»

«ከመጋዘኑ ጀርባ፣ አምስት እርምጃ ርቄ ዕቃ አጥብ ነበር። ክላክስ አልሰማሁም። ሳልጠራ መግባት ደግሞ አልደፍርም።»

የጌቶች ሚስት ወንድም፣ የመለዋወጫ ዕቃ ኃላፊው፣ ከመለዋወጫ ክፍሉ ወጣ። ከዘይት ጋር ተዋውቆ የማያውቅ ነጭ ጋዋን ለብሷል። «ፕሮፌሰር» ነው የሚሉት። እውቀቱ ሁሉ አንድ ፊደል ነው፦ በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ሰው ለእሱ ከብት ነው። መደርደሪያው ላይ «ፒሥተን»፣ «ሥፕሪንግ»፣ «ክላክሥ» ብሎ ለጥፏል፤ ንጉሡ ሠ በየብረቱ ላይ ዘውድ ጭኖ ተቀምጧል።

«ምን ያደክማችኋል?» አለ። «ገዳዩ ጎማ ላይ ተጎልቷል። ኤሲው ውስጥ ጋዝ ሞላ፣ ጋዝ ገደላቸው!»

«የትኛው ጋዝ?» አለች መርማሪዋ።

«ጋዝ ጋዝ ነው!»

«አንተን ፕሮፌሰር ያለህ ሰው ቀልደኛ ነው» ብላ ወደ ሜካኒኩ ዞረች። «አንተ፣ ኤሲው ምን ሆኖ ነው?»

«ጋዙ ሙሉ ነው። ችግሩ ሪሌው ነው፤ ለኤሲው ኮረንቲ የምታቀብለው ጥቁር ኩብ። ስትሞቅ ታኮርፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትታረቃለች። የክላክሱም ሪሌ መልኳ ያው ነው። ትናንት ቦታ ባለዋውጣቸው ኤሲው ሳያቋርጥ ሠራ፤ ክላክሱ ግን ሞተሩ ሲሞቅ ዲዳ ሆነ። ጌቶች ‹ያለ ክላክስ ማን ይሰማኛል? መልስ!› አሉኝ። ሪሌዎቹን ወደየቦታቸው መለስኩ። ከፕሮፌሰር አዲስ ብጠይቅ ‹የለም› አለኝ።»

«ለምን እንደፈለግኸው ነገርከው?»

«አንድ በአንድ። እንዳላምታታቸው እናቴ ስማቸውን ጽፋ አናታቸው ላይ ለጥፋለች። የጎልማሶች ትምህርት ጀምራለች።»

ፕሮፌሰር ሳቀ። «ማይም ትጽፋለች፣ ደደብ ያነባል!»

በሩ አጠገብ የቆመችው የሟች ሚስት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ወንድሟን አየችው። «ሳቅ አንተ። ጠዋት ባሌ ‹ሰኞ የመለዋወጫ ክፍሉን ቁልፍ ለሜካኒኩ አስረክበህ ከፊቴ ጥፋ› ሲልህ ግን አልሳቅህም።»

መርማሪዋ ሁሉንም መኪናው ዙሪያ አቆመች። በሩን ወለል አድርጋ ሞተሩን አስነሳች፣ ኤሲውን ለኮሰች። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ቅዝቃዜው አንዴም አልተቋረጠም። ከዚያ ክላክሱን ተጫነች። ጭጭ።

«ታዲያ ይኸው ሜካኒኩ ሠርቶታላ!» አለ ፕሮፌሰር።

«አንድ ሰው ሠርቶታል» አለች። «ለጌቶች ደግ ጠባቂያቸው ብልሽቱ ነበር፤ ሙቀቱ በየቀኑ ከእንቅልፍ ያወጣቸዋል። ገዳዩ ደህናዋን ሪሌ ለኤሲው ሰጠ፣ በብርድ እንዲያንቀላፉ። አኩራፊዋን ለክላክሱ ሰጠ፣ ቢነቁም እንዳይጣሩ። በሩን ዘግቶ ሄደ።»

ኮፋኖውን ከፈተች። «ሪሌዎቹ ተለዋውጠዋል፤ ወረቀቶቹ ግን በየቦታቸው ናቸው። እንዴት? እናቴ፣ ይጠጉ። የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

ሴትዮዋ ተጠጋች። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ማንበብ! ልጇን አየች፤ ልጇ ዓይኗን እንጂ ወረቀቱን አላየም። ጣቷን ፊደሉ ላይ አስቀምጣ «ክ...ላ...ክ...» አለችና ቆመች።

«በይ እንጂ፣ ተነብቦ አያልቅም እንዴ!» አለ ፕሮፌሰር።

«የእኔ አይደለም» አለች ቀና ብላ። «እኔ በእሳቱ ሰ ነው የጻፍኩት። ይሄ ንጉሡ ሠ ነው። አስተማሪያችን ለጊዜው ተዉት ብለውናል። ይሄኛውም ‹ኤሢ› ነው የሚለው።»

የሁሉም ዓይን ወደ መደርደሪያው ሄደ።

«ሪሌዎቹን ስታለዋውጥ ወረቀቱ አብሮ ተሻገረ» አለችው መርማሪዋ። «ልታስተካክል ስትልጠው ተቀደደ። አዲስ ጻፍክ። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ለመግደል እንኳ ንጉሡን ሠ አልተውከውም።»

«በአንዲት ፊደል ሰው ይታሰራል?»

«ኪስህን ገልብጥ።»

አልገለበጠም። ፖሊሱ ገለበጠለት። ከነጩ ጋዋን ኪስ ሁለት የተቀዳደዱ ወረቀቶች ወጡ፤ ጎባጣ፣ አንዱ ከአንዱ የተጋፋ ፊደል ሰፍሮባቸዋል። ሴትዮዋ የእጇን ጽሑፍ አወቀችው። በጨርቋ ጠርጋ በልጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ፕሮፌሰር በፖሊስ መኪና ሄደ። የሟች ሚስት ሰኞ ቁልፉን ለሜካኒኩ ሰጥታ ወደ እህቷ ሄደች። ጋራዡ ውስጥ እናትና ልጅ ቀሩ።