ባዶው የምርቃት ፎልደር

ዶርም ውስጥ ልጆች ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምሩ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የምተኛው እኔ ነኝ፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ወሬው ስለሚሰለቸኝ ነው። አሁን የማወራላችሁንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እሺ ብዬ፣ ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። ግን በራሴ ላይ ደረሰ፣ እመኑኝ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ጀማል ሰርግ ይቀርጻሉ፣ እኔ የቀረጹትን ኮምፒውተር ላይ አደራጃለሁ። ማለትም የኤዲቲንግ ፕሮግራሙን እከፍትና፣ ፎልደሮች ፈጥሬ፣ ክሊፖቹን አንድ በአንድ እያየሁ በየቦታቸው አስገባለሁ፣ ዳሱን ከዳስ፣ ሚዜዎቹን ከሚዜዎች፣ ጭፈራውን ከጭፈራ፣ ምርቃቱን ከምርቃት። ጋሽ ጀማል «አንቺ ልጅ፣ የእናትሽንም ጓዳ እንዲህ ትሰትሪያለሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል፣ እኔ ግን የተዘበራረቀ የሰው ቀን መልክ ሲይዝ ማየት ደስ ይለኛል።

ያን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ያልተጠበቀ የጥቅምት ዝናብ ሲወርድ፣ ነጠላዋ የራሰ ነፍሰ ጡር ሴት ገባች። እናትነሽ ትባላለች፣ ከፋሲካ ማግስት አገሯ መካነ ብርሃን ያገባች፣ ሰርጓን ጋሽ ጀማል የቀረጹላት ናት። አባቷ አያ ታከለ ክረምቱን ታመው አርፈዋል።

«ቪዲዮዬን ነገ ይዤው ልግባ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም፣ አባቴ ሲመርቀኝ ያለውን ብቻ ስጡኝ። ይሄ ሆዴ ያለው ልጅ አያቱን በምን ይወቀው? ፎቶው እንደሁ አይናገር።»

ጋሽ ጀማል ራሳቸውን አከኩ። «እናትነሽ፣ እሱን እንኳ… አልቀረጽኩትም።»

«ምነው አንቱ! ሰው ሥጋ ሲጎርስ፣ ውሻ አጥንት ሲሻማ ሁሉ ቀርጸው የለ? አባቴ ላይ ሲደርሱ ምን ነካዎ?»

«ታዲያ ሽማግሌ ሲመርቅ ካሜራ ደግኜ ልቁም? ሰው ሁሉ ተነስቶ እጁን ሲዘረጋ፣ እኔም አጠፋኋት፣ ክዳኗን ገጠምኩ፣ እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ።»

እዚህ ላይ ማን ይፈርድባቸዋል? እሷም መቆጣት አልቻለችም፣ ዕንባዋ ብቻ ወረደ። የሰው ስልክ ውስጥ ይኖር እንደሆነ አገሩን ሁሉ ጠይቃለች፣ ግን የሁሉም ሁለት እጅ ምርቃት ላይ ነበር፣ ማን ይቅረጽ? ጋሽ ጀማል «እስኪ ይህች ልጅ ደግማ ትፈልግ» ብለው፣ እሷን ሻይ ሊጋብዟት ጎረቤት ካፌ ይዘዋት ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ክሊፖቹን ሁሉ ስለማውቃቸው እንደማላገኘው አውቄያለሁ፣ ቢሆንም እሷን ባዶ እጇን መሸኘት ስለከበደኝ ማዳመጫዬን አድርጌ እንደገና ከመጀመሪያው ማየት ጀመርኩ። በልማድ የፈጠርኩት የምርቃት ፎልደር ባዶውን ተቀምጧል።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። ያን ጊዜ የተከፈተ ክሊፕ አልነበረም፣ ግን ማዳመጫው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አውልቄ አዳመጥኩ፣ ዝናብና ባጃጅ ብቻ። መልሼ ሳደርገው ብዙ ሰው በሹክሹክታ «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» ይባባላል፣ የዳሱ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። የማዳመጫውን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቀልኩት። ድምፁ አልቆመም፣ እውነቴን ነው፣ ገመዱ እጄ ላይ ነበር። ቀና ስል የምርቃት ፎልደር ውስጥ ስም የሌለው ክሊፕ አለ።

ከፈትኩት። ሙሽሮቹ ተንበርክከዋል፣ አያ ታከለ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሰዉ እጁን ዘርግቷል። ከሰዉ መሃል ጋሽ ጀማል ራሳቸው አሉ፣ ካሜራቸው ክዳኗ ተገጥሞ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥላለች። ከእሷ ሌላ ካሜራ የላቸውም።

አያ ታከለ «የተቀመጣችሁ ተነሱ» አሉ፣ ከዚያ ዝም። ተቆርጦ ይሆናል ብዬ አየሁ፣ አልተቆረጠም፣ ነጠላዎች በነፋስ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ እሳቸው ብቻ ቀጥ ብለው ወደ እኔ እያዩ ይጠብቃሉ። እዚያ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ቀስ ብዬ ተነሳሁ።

«ሸጋ» አሉ፣ መመረቅ ጀመሩ። «ቤታችሁ ሰው አይጣ፣ በራችሁ ለመሸበት እንግዳ ይከፈት፣ ልጃችሁ ድምፄን ሲሰማ ይሳቅ።» እኔም ሳላውቀው እጄን ዘርግቼ አሜን እል ነበር።

ሁለቱ ሲመለሱ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆምኩ። ሦስታችንም ቆመን አየነው፣ አሁን ግን አያ ታከለ «ተነሱ» ብለው አልጠበቁም፣ ወዲያው ቀጠሉ። እናትነሽ «አባዬ! ጋቢውን እንኳ እንደወትሮው አዘቅዝቆ!» ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ጋሽ ጀማል ግን ራሳቸውን ሲያዩ እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። «እኔን ማን ቀረጸኝ?» አሉ በቀስታ። ክሊፑ ከየት እንደመጣ ፈለግሁ፣ ሜሞሪ ካርዱ ላይ የለም፣ ፋይሉ ያለበትን የሚያሳየው ቦታም ባዶ ነው። «ተይው፣ አትነካኪው፣ ስጪያትና ትሂድ» አሉኝ። ፍላሽ ላይ ገለበጥኩላት፣ ጡቷ ሥር ሸጉጣ ሄደች። ያየሁትን አልነገርኳትም፣ ለማንም አልነገርኩም።

በግንቦት ዶርም ሳለሁ እናትነሽ ደወለች። ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ አራት ወር ሊሞላው ነው።

«እንዲያው ልወቅስሽ ነው» አለች። «ቪዲዮው የባሌ ዘመድ ላፕቶፕ ላይ እንቢ አለ። ይኸው አሁንም ከፍቼዋለሁ፣ አባቴ ተነሱ ይልና ዝም ይላል። እናንተ ዘንድ እንዲህ አልነበረም።»

«ተቀምጠሽ ነው የምታይው?»

«ልጅ እያጠባሁ ታዲያ ምን ልሁን?»

«እስኪ ብድግ በይ።»

«ምነው?»

«ብድግ በይ ብቻ፣ እባክሽ።»

የአልጋው ጠርዝ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ «ሸጋ» የሚል ድምፅ። ምርቃቱ ቀጠለ፣ ቤታችሁ፣ በራችሁ፣ ልጃችሁ… እና ሕፃኑ ሳቀ፣ እንደሚኮረኩሩት ሕፃን ድምፁን አውጥቶ ሳቀ። የዶርሜ ልጆች ምን ሆና ነው መሃል ወለል ላይ ቆማ አንድ እጇን የዘረጋችው ብለው ያዩኝ ነበር።

ማን እንደቀረጸው እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ ጋሽ ጀማልም አንስተውት አያውቁም። አዲስ ሰርግ ሲመጣ ግን ከሁሉ በፊት የምፈጥረው የምርቃት ፎልደሩን ነው፣ ስከፍተውም ቆሜ ነው።