በፎቅ ጣሪያ ላይ የተሠራው የእማማ ጫካ

ልጆቼ፣ ቤት በምሰሶ ይቆማል ይባላል። እኔ ግን በአንዲት እናት ምላስ ብቻ ቆሞ የኖረ ቤት አውቃለሁ። እንዴት እንደፈረሰ ልንገራችሁ፤ ሆዳችሁን ጠበቅ አድርጉ።

ጩኸት በማይበርድበት ከተማ፣ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ ሁለት ወንድማማቾች የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። ታላቁን ሰፈርተኛው «ሜትር» ይለዋል፤ ሳይለካ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ታናሹ «ቀልዴ» ነው፤ ድንጋይ ያስቃል። አባታቸው ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቀው የሞቱ ዕለት፣ ሜትር ሐዘን አሳውሮት «ገመዱን ያሰርከው አንተ ነህ!» አለው ወንድሙን። ከዚያች ቃል ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በአንድ መጋዝ እየቆረጡ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እየላጉ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም! በመሀላቸው የሚመላለሱት እናታቸው እማማ ብቻ ነበሩ።

«እማዬ፣ ለልጅሽ ንገሪው፤ የቆረጠው ጣውላ አጥሯል» ይላል ሜትር፣ ወንድሙ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ።

«እማዬ፣ ለልጅሽ ንገሪው፤ ያጠረው ጣውላው ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው» ይላል ቀልዴ።

«ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው የወለድኩት!» ይሉና እማማ መልእክቱን ያደርሳሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል ጥለው አያውቁም።

ኋላ ግን እማማ እንቅልፍ አጡ። ያደጉት ዛፍ በዛፍ በሆነ አገር ነው፤ የመኪናው ጡሩምባ፣ የጎረቤቱ ብረት ሥራ ቤት ድብደባ ልባቸውን አደከመው። ሐኪሙ «ጸጥታ ያስፈልጋቸዋል» አለ። ጸጥታ! በዚያ ከተማ ጸጥታ በየት በኩል ይገኛል?

ሜትር ካርቶን ዘርግቶ ነደፈ። በሕንፃው ጣሪያ ላይ ወርዷ ሁለት፣ ርዝመቷ ሁለት ተኩል ሜትር የሆነች ጎጆ፤ ምሰሶዎቿ ቅርፊታቸው ያልተላጠ ግንዶች፤ ክዳኗ እንደ ወፍ ቤት የጎበጠ፤ ግድግዳዋ ድርብ ጣውላ ሆኖ መሀሉ በሰጋቱራ የተጠቀጠቀ፣ ጩኸት እንዳያልፍ። ቀልዴ በሩን የቅጠል ጅማት አስመስሎ ቀረጸው። እማማ ብርድ ስለማይችሉ የከሰል ምድጃ ይዘው እንደሚገቡ ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ የከሰሉ ጢስ እንዳያፍናቸው ሜትር ከአልጋው ሥር መዳፍ የምታህል የአየር ቀዳዳ ተወ። ቀልዴም ይህን ሳያውቅ በበኩሉ ከክዳኑ ሥር ሌላ ቀዳዳ ከፈተ። አያችሁልኝ? አንድ ፍቅር፣ ሁለት ቀዳዳ።

«ለልጅሽ ንገሪው፤ የታችኛዋን እንዳይነካት፣ የአየር ናት» አለ ሜትር።

እማማ ግን ያን ቀን ገና መግባታቸው ነበር። በሩ ሲዘጋ ከተማው ጠፋ! እንጨቱ ጫካ ጫካ ሸተተ። እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከደስታቸው ብዛት መልእክቷን ረሷት።

በሳምንቱ ቀልዴ አልጋውን ሲያስተካክል ነፋስ እግሩን ነካው። «መቼም የሱ ነገር! ለክቶ ለክቶ የእናቱን እግር ለብርድ ሰጠ!» አለና እንጨት ጠርቦ፣ ኮላ ቀብቶ፣ የታችኛዋን ቀዳዳ ደፈናት።

አባትየው መምጣት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

«አባታችሁ ዛሬም መጣ» ይላሉ እማማ፣ ግንባራቸውን ይዘው። «በግድግዳው በኩል ነው የሚገባው። ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ዝም ብሎ ያየኛል።» ልጆቹ እርጅና መሰላቸው። አንድ ረፋድ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ልብስ ሰፊ የሞቀ ወተት ይዛላቸው ወጣች። ከውስጥ የእማማ ድምፅ ይሰማል፤ ይጠይቃሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ይስቃሉ። ከፈተች። ከእማማ በቀር ማንም የለም። ከባዶው ወንበር ፊት ግን ሁለተኛ ብርጭቆ ተቀምጧል!

«እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?»

«ቀስ በይ ልጄ፣ አሁን ነው ያሸለበው።»

ጥቂት እንደቆመች የልብስ ሰፊዋ ጉልበት ከዳት፤ ግድግዳው ወደ እሷ የተጠጋ መሰላት። እግሬ አውጪኝ ብላ ወረደችና «እዚያ ሙት አለ!» ብላ ወሬውን ለሕንፃው ሁሉ አዳረሰች። ከዚያ በኋላ ልብስ ሊያሰጣ እንኳ ጣሪያው ላይ የሚወጣ ጠፋ። አይ ልጆቼ... «ራሴን አዞረኝ» ብላ ቢሆን ኖሮ!

ቀልዴም አንድ ቀን «ለልጅሽ ንገሪው፤ የላይኛዋ ቀዳዳ የአየር ናት፣ እንዳይደፍናት» አላቸው። እማማ ዓይናቸው ፈዞ «እሺ ልጄ» አሉ። ከአፉ እንደወጣች ከልባቸው ጠፋች።

ከዚያ ዝናብ ጣለ። ሜትር ሲወጣ ትራሱ ላይ ሦስት ጠብታ አየ። «ይሄ ሰው ክፍተት ሳይተው አይሠራም!» አለና ለክቶ፣ አስተካክሎ፣ የላይኛዋን ደፈነ። ሥራው ውብ ነበር፤ ጭረት እንኳ አይታይበትም። እማማ ከሰላቸውን አያይዘው ገቡ፣ በሩንም ዘጉ።

ያን ቀን እማማ ወደ ሥራ ቤቱ አልወረዱም። ሜትር ለወንድሙ የሚያስነግረው ነበረው፤ የሚያደርስለት ጠፋ። ቀልዴም እንዲሁ። አንዱ ደረጃውን ያያል፣ ሌላውም ደረጃውን ያያል። «እናታችን የት ቀረች?» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይጠይቃል? እያንዳንዱ «እሱ አይቷት ይሆናል» እያለ ቀኑን አጋመሱት... መላጊያው ዝም አለ። መጋዙ ዝም አለ።

በመጨረሻ ቀልዴ ድምፁ ተሰበረ። «ወንድም ጋሼ... እማዬ አልወረደችም።»

ሰባት ዓመት የተጠበቀችው ቃል ይህች ነበረች። መዶሻው ከሜትር እጅ ወደቀ። ደረጃውን እየተገፋፉ ወጡ፣ በሩን በረገዱት። እማማ በጎናቸው ተኝተዋል። ጉንጫቸው እንደ ልጃገረድ ቀልቷል፤ አንድ እጃቸው ወደ ባዶው ወንበር ተዘርግቷል፣ እጅ የያዘ ሰው እንደሚዘረጋው። ፈገግ ብለዋል። ግን ቀዝቅዘዋል...

«እማዬ! ንገሪው በይኝ! የፈለግሽውን ንገሪው በይኝ፣ እነግረዋለሁ!» እያለ ሜትር እግራቸው ላይ ተደፋ።

ቀልዴ ክዳኑን በመዳፉ ዳሰሰ። «የላይኛዋን ማን ደፈናት?»

«ዝናብ እንዳይነካት ብዬ... እኔ።» ሜትር ወደ አልጋው ሥር ጎነበሰ። «የታችኛዋስ?»

«እንዳይበርዳት ብዬ... እኔ።»

ማን ማንን ይውቀስ? ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ጩኸታቸው ከጎጆዋ አልወጣም። ድርብ ጣውላ ነው፤ ሰጋቱራው በደንብ ተጠቅጥቋል። ሥር ያለው ከተማ መንገዱን ቀጠለ።

አሁን ሁለቱም ሸብተዋል። በሥራ ቤቱ ደጅ ብታልፉ ሲያወሩ ትሰሟቸዋላችሁ።

«መስኮቱን ልዘጋው ነው።»

«ቆይ፣ መጥቼ ልየው።»

«መጣህ?»

«መጣሁ። ዝጋው።»

አላፊ አግዳሚው «ምን ዓይነት ለፍላፊ ሽማግሌዎች ናቸው!» ይላል። አንዱ ለአፍታ ዝም ካለ ሌላው መጋዙን ጥሎ ሊፈልገው እንደሚሮጥ አያውቅም። ዕጣ ፈንታ እንዲህ ናት ልጆቼ፤ ሰባት ዓመት የነፈገቻቸውን ወሬ በአንድ ቀን አፈሰሰችላቸው። ያን ወሬ ለመስማት ስትጓጓ የኖረችውን አንዲት ጆሮ ግን በዚያው ቀን ወሰደችባቸው።