ዘጠነኛው ምክር

አያ ታገኘ ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ፣ ኩርባው ዳር፣ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው በቅሎ ነጂው ዝናቡ ነው። ጩኸቱ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ተሰማ አሉ። ወሬ አጋናኙ ጀምበሩ በሌላ ቀን ቢሆን ጩኸቱን ጎንደር አድርሶ ይመልሰው ነበር። ያን ቀን ግን ምላሱ ደርቆ ቀረ፤ አገሩ ሁሉ ሬሳውን ትቶ እሱን ነበር የሚያየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀምበሩ አዲስ አበባ አውቶብስ ተራ ሰባት ወር ሸክም ተሸክሞ፣ ሲመለስ «ሰባት ዓመት» ያለ ሰው ነው። በ1974 መስከረም የአያ ታገኘ ልጅ ዓለምዬ «አባዬ፣ እናቴን ይዘህ እኔ ዘንድ ኑር» ብላ ከዚያው ጻፈች። ሽማግሌው ደብዳቤውን ይዘው መጡ።

«አንተ ጀምበሩ፣ መኪና የለኝ። ያን የሚያህል ከተማ በምን እኖረዋለሁ?»

«በዘጠኝ ምክር ይኖሩታል፣ አያ» አለ ጀምበሩ።

ምክሩ ሁሉ ውሸት አልነበረም። ቁልቁለቱን በእግር፣ ዳገቱን በአውቶብስ። የአውቶብሱን ቁጥር እንደ ልጅዎ ስም ይያዙ። መንገድ ሲጠይቁ ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ይሂዱ። እዚህ ድረስ ደግ ነበር። ከዚያ ግን ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙት ጊዜ ሰይጣኑ መጣበት። «ዱላ ይዘው እንዳይሳፈሩ፣ ዱላ ለብቻው ቲኬት ይቆረጥለታል» አለ። «አውቶብስ ለባለ ጋቢ አይቆምም። ሲሮጥ ይንጠልጠሉ፤ ሲወርዱ ፊትዎን ወደ ኋላ አዙረው ይዝለሉ፣ ነፋሱ ጀርባዎን ይደግፍዎታል» አለ።

አያ ታገኘም መለማመድ ያዙ። የሾፌሩ የይግዛው እህል ጫኝ ኤንትሬ መኪና ጠዋት ጠዋት በደጃቸው ሲያዘግም ከኋላ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥለው ኩርባው ዘንድ ይዘላሉ። ሁለት ጊዜ ወደቁ። ተነሥተው ጋቢያቸውን እያራገፉ «ነፋሱ ዛሬ ደክሟል» አሉ። አገሩ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ጀምበሩ ነበር።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ደምለው ከዳባት በአውቶብስ መጣ። ቀጭን፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ሰው ነው። ሾፌሩ ይግዛው አንድ ጊዜ አየውና ናቀው።

«ሞተ እንጂ ምን ምርመራ አለው? እንደ ልማዱ ተንጠለጠለ፤ ኩርባው ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ዘለለ። የገደለው ይሄ ቀልደኛ ነው!»

«ሲዘል አየኸው?»

«በመስታወት ነዋ!»

ደምለው ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። የሽማግሌው ዱላ ለሁለት ተሰብሮ አንዱ ስባሪ ከደረታቸው ሥር ነበር። ከጋቢው ጀርባ አንዲት የምታብለጨልጭ ነገር በጥፍሩ ለቅሞ በወረቀት ጠቀለለ።

«ዱላውን ነክተሃል?» አለው ዝናቡን።

«ኧረ በማርያም! በቅሎ ሸጠውልኝ መልስ ብለው ተጣልተን ነበር። እኔን እንዳይሉ ፈርቼ ሬሳውንም አልነካሁ።»

ሚስትየዋ እትዬ እናናዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ዛሬ ጠዋት ሲወጡ አይተዋል?»

«አላየሁም ልጄ። ሌሊት ገሥግሼ ገበያ ወርጄ ነበር። ዳባት ለቅሶ እደርሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

«መኪና ላይ በሚንጠለጠሉበት ቀን ዱላቸውን ምን ያደርጉታል?»

«አጥሩ ላይ ሰክቶት ይሄዳል። ‹ቲኬት ይቆረጥለታል› እያለ።» ሴትዮዋ ጀምበሩን አዩት። ጀምበሩ መሬት መሬት አየ። ለመታሰር ቆርጦ እጁን አጣምሮ ነበር፤ የሚይዘው ጠፋ እንጂ።

በማግስቱ ደምለው ሁሉንም ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ሰበሰበ። ኤንትሬውም እዚያው ቆሟል።

«ጀምበሩ፣ መሰላሉ ላይ ተንጠልጠል። ይግዛው፣ ጋቢናህ ግባ። በመስታወት እያየህ ንገረኝ፤ ስንት ጣት አወጣ?»

«ሦስት!» አለ ይግዛው ሳያመነታ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጀምበሩ በሁለት እጁ መሰላሉን ጨብጦ ነበር።

«ከጋቢና መሰላሉ አይታይም» አለ ደምለው። «እንግዲህ ሲዘሉ አላየህም። ወደ ዱላው እንሂድ። አያ ታገኘ ሊሳፈሩ ሲሉ ዱላቸውን አጥሩ ላይ ይተዋሉ። ትናንት ግን ዱላው ከደረታቸው ሥር ነው የተገኘው፤ ዝናቡም አልነካውም፣ ሰው አምጥቶ ያኖረው አይደለም። ስለዚህ አልተንጠለጠሉም፣ አልዘለሉም። በእግራቸው ለቅሶ እየሄዱ ነበር። ሦስተኛ፣ የመኪናህ የግራ መብራት የሦስት ዓመት አቧራ ለብሷል፤ የቀኙ መብራት መስታወት ግን ትናንት የተወለደ ይመስላል።»

«መኪና የሌለው ስለ መኪና ምን ያውቃል?»

«መኪና የሌለው ነው መኪናን ከፊትም ከኋላም የሚያየው። አንተ የምታየው ከውስጥ ነው።» ወረቀቱን ፈታ። ከጋቢው የለቀማትን የመስታወት ስባሪ በቀኙ መብራት ክፈፍ ጥግ ከቀረችው አሮጌ ስንጥር ጋር አገጣጠማት። ልክክ አለች።

ይግዛው እየጮኸ ከጋቢናው ወረደ።

«አላሰብሁትም! ከኋላው ስደርስ ጥሩምባ ነፋሁ፣ ነፋሁ፣ ነፋሁ! ዞር አላለም! ደንቆሮም እንዲያ አይሆን! ፈራሁ፤ መዝለሉን አገር ያውቃል ብዬ...»

«ታገኘ እኮ ጆሮው ደኅና ነበር» አሉ እትዬ እናናዬ ግራ ገብቷቸው።

ይግዛውን ወሰዱት። ዝናቡ የጀምበሩን ትከሻ መታ መታ አደረገው፣ «ተረፍህ አንተ!» እያለ። ሕዝቡም ሊበተን ጀመረ። ጀምበሩ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ የጠየቀው ሰው የለም።

«ሃምሳ አለቃ» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ምክሩ ዘጠኝ ነበር። ዘጠነኛው... ‹ጥሩምባ ሲሰሙ ዞር እንዳይሉ። ዞር ያለ ባላገርነቱ ይታወቅበታል፤ መኪናው ራሱ ዞሮ ያልፍዎታል› ብያቸዋለሁ።»

ዝናቡ እጁን ከትከሻው ላይ አነሣ።

ደምለው «ለዚህ የማስርበት አንቀጽ የለኝም» አለ። «ቢኖረኝ ይቀልህ ነበር።»

እትዬ እናናዬ ተነሥተው መጡ። ጀምበሩ ይመቱኛል ብሎ ፊቱን አመቻቸ። አልመቱትም።

«ልጄ ዘንድ እንግዲህ ብቻዬን ልሄድ ነው» አሉ። «እኔም መኪና የለኝ። እውነት እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

ጀምበሩ አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ወሬ አጥሮት አያውቅም ነበር።

«አንደኛ» አለ፣ «ጥሩምባ ሲሰሙ... ዞር ይበሉ።»

ሁለተኛውን ለመናገር ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሴትዮዋ ቆመው ጠበቁት።